ፊቸር ፍላግን ለቡድን ማስተማር፦ ከየት ይጀመራል?

እንጦጦ_ዴቭ ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። 11 አባላት ያሉትን የሶፍትዌር ቡድን እመራለሁ። የምንሠራው የክፍያ አገልግሎት ነው፤ የአንድሮይድ መተግበሪያ አለው፣ ዩኤስኤስዲ አለው፣ ከኋላ ደግሞ በጃቫ የተጻፈ ሰርቨር አለ። የምንለቀው በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ ማታ ነው። በየብራንቹ (ከዋናው ኮድ ተነጥሎ የሚሠራበት ቅጂ) ተከማችቶ የቆየው ኮድ በአንድ ሌሊት መርጅ ይደረግና (ወደ ዋናው ይቀላቀልና) ይወጣል። ከሰባቱ ፊቸር አንዱ ከተበላሸ ደህናዎቹ ስድስቱም አብረውት ይመለሳሉ።

ፊቸር ፍላግ (ኮዱን እንደገና ሳንጭን አንድን ፊቸር የምናበራበትና የምናጠፋበት ማብሪያ) ልናስገባ ተስማምተናል፤ የማሠልጠኑ ሥራ የኔ ነው። ሦስት ነገር ልጠይቅ። የመጀመሪያው ፍላግ የቱ ላይ ይሁን? ጀማሪዎቹ «አንድ ኢፍ (ኮድ ውስጥ «ይህ ከሆነ ያንን አድርግ» የሚል መስመር) ብቻ አይደል እንዴ?» ይላሉ፣ ነባሮቹ ደግሞ «ኮዱን በኢፍ ልታጨናንቁት ነው» ይላሉ፤ ለሁለቱ ወገን ምን ብዬ ላስረዳ? መሣሪያስ እንግዛ ወይስ ራሳችን እንሥራ?

---

የሰርቨር_ዘበኛ መለሰ፦

መሣሪያውን ለመጨረሻ አቆዩት። ቡድኑ በመጀመሪያ ሁለት ነገር ለይቶ ይወቅ፦ ኮዱ ሰርቨር ላይ መጫኑ አንድ ነገር ነው፣ ተጠቃሚው ማየቱ ሌላ ነገር። አሁን ሐሙስ ማታ ሁለቱን በአንድ ላይ ነው የምታደርጉት፤ ጭንቀቱም ከዚያ ነው የሚመጣው። ፍላግ ሲኖር ኮዱ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሁሉም ቢሮ እያለ፣ እንደጠፋ ይጫናል፤ በማግስቱ ጠዋት ለጥቂት ሰው ይበራል። የመጀመሪያውን የሥልጠና ቀን ለዚህ ብቻ ስጡት። ገና ያላለቀ ኮድ ጠፍቶ ዋናው ብራንች ውስጥ መቀመጥ እንደሚችል ያልገባው ሰው፣ ፍላግ ብትሰጡትም ብራንቹን ሦስት ሳምንት ከማቆየት አይመለስም።

የመጀመሪያው ፍላግ ገንዘብ ከሚያንቀሳቅስ ኮድ ይራቅ። አዲስ ፊቸር ላይም ባይሆን እመርጣለሁ። ቀድሞ የነበረን፣ ከውጭ የሚመጣን ነገር የሚያጠፋ ይሁን። ለምሳሌ መነሻ ገጹ ላይ ከሌላ ድርጅት ሰርቨር እየተጠራ የሚታይ የምንዛሬ ተመን ካለ፣ ያ ሰርቨር ሲንቀራፈፍ መነሻ ገጻችሁም አብሮት ይንቀራፈፋል። ፍላጉ ሲጠፋ ሳጥኑ ይደበቃል፤ ማንም ምንም አያጣም። ይህን በሥራ ሰዓት፣ ፕሮዳክሽን (ደንበኞች የሚጠቀሙበት ሲስተም) ላይ፣ እያንዳንዱ የቡድኑ አባል በተራ ያጥፋው፤ ያብራው። «አጥፋ» ከተባለበት ቅጽበት እስኪጠፋ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይመዝገብ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች በየጊዜው እየጠየቁ ነው አዲሱን ዋጋ የሚያገኙት፤ ለምሳሌ አንሊሽ የተባለው የፍላግ መሣሪያ በነባሪ አሠራሩ ሰርቨር ላይ በየጥቂት ሰከንዱ ይጠይቃል። ልምምዱ ላይ ሦስት ደቂቃ ከፈጀባችሁ መሐል ላይ የተረሳ ካሽ (አሮጌውን ዋጋ ይዞ የቆየ ጊዜያዊ ማከማቻ) አለ ማለት ነው፤ ካሹን አደጋው ሳይመጣ ፈልጋችሁ ታገኙታላችሁ።

«አንድ ኢፍ ብቻ» ለሚሉት፦ ኢፉ እውነትም ቀላል ነው። ሥልጠናው በዙሪያው ስላሉት ነገሮች ነው።

ኢፉ የት ይቀመጣል? መግቢያው ላይ፣ አንድ ቦታ። በጃቫ ከሆነ አንድ ኢንተርፌስ፣ አሮጌና አዲስ ሁለት ክላስ፣ አንድ መምረጫ ነጥብ። የፍላጉን ስም ስትፈልጉ ዘጠኝ ፋይል ውስጥ ከተገኘ የኮድ ግምገማው ማለፍ አልነበረበትም። ነባሮቹ የሚፈሩት መጨናነቅም የሚመጣው ከዚህ ነው።

የፍላጉ ሰርቨር መልስ ካልሰጠስ? መጀመሪያ ለመጨረሻ ጊዜ የታወቀው ዋጋ፣ እሱም ከሌለ ኮዱ ውስጥ የተጻፈው ነባሪ ዋጋ ይሠራል። አዲስ ፊቸር ከሆነ ነባሪው «ጠፍቷል»፤ ነባር አገልግሎትን የምታጠፉበት ከሆነ ነባሪው «ይሠራል» ነው። ስሙንም በአዎንታ ጻፉት፤ «የምንዛሬ ተመን ይታይ» ጥሩ ነው። «የምንዛሬ ተመንን አሰናክል = ሐሰት» የሚል ነገር ሌሊት ከእንቅልፉ ለተቀሰቀሰ ሰው ወጥመድ ነው።

ማን ያገኘዋል? በመቶኛ ስታበሩ በየጥያቄው ዕጣ አታውጡ፤ ያንን ካደረጋችሁ ደንበኛው አሁን አዲሱን ገጽ፣ መልሶ ሲከፍት አሮጌውን ያያል። የደንበኛው መለያና የፍላጉ ስም ተጣምሮ በሃሽ (ለያው ግብዓት ሁሌም ያው ቁጥር በሚሰጥ ስሌት) ከ0 እስከ 99 ወዳለ ቁጥር ይቀየራል። 5 በመቶ ማለት ከ0 እስከ 4 የደረሳቸው ናቸው፤ ወደ 25 ስትወጡ እነዚያው ይቆያሉ፣ ሌሎች ይጨመራሉ። የፍላጉ ስም ሃሽ ውስጥ መግባቱ ግዴታ ነው፤ ያለበለዚያ በእያንዳንዱ ፊቸር የመሞከሪያ አይጥ የሚሆኑት ሁሌም ያው ሰዎች ናቸው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚዘለው ቦታ። 1 በመቶ አብርቶ፣ ዳሽቦርዱን አይቶ፣ «ስሕተት የለም» ብሎ ማለፍ ምንም ማለት ላይሆን ይችላል። በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ አዲሱ መንገድ ከመቶ 20 ጊዜ ቢወድቅ እንኳ፣ 1 በመቶ ላይ ሲሆን አጠቃላዩን ስሕተት የሚጨምረው 0.2 በመቶ ብቻ ነው፤ ዓይን አይሞላም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሎግና ቆጠራ ፍላጉ በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ የሚል ምልክት ይያዝ፣ ሁለቱ ቡድኖችም ጎን ለጎን ይታዩ። ሁለተኛ፣ ብዛቱ። 200 ክፍያ አልፎ አንድም ስሕተት ካልታየ፣ 3ን ለ200 አካፍሉ፤ እውነተኛው የስሕተት መጠን እስከ 1.5 በመቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት። ለክፍያ ይህ ብዙ ነው። ከ0.1 በመቶ በታች መሆኑን ለማለት 3,000 ያለ ስሕተት ያለፈ ክፍያ ያስፈልጋል። እርከኑን በቀን ሳይሆን በክፍያ ብዛት ወስኑት፦ የራሳችሁ ሠራተኞች፣ 1፣ 5፣ 25፣ 50፣ 100። 50 እና 100 መካከል ቢያንስ አንድ የደመወዝ ሰሞን ይለፍበት፤ የወሩ አጋማሽ ጭነትና የወሩ መጨረሻ ጭነት አንድ አይደሉም።

---

ዳሞት7 መለሰ፦

ለነባሮቹ የናይት ካፒታልን ጉዳይ ንገሯቸው። የአሜሪካ የአክሲዮን አገበያይ ነበር፤ የአሜሪካው የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ በ2013 ያወጣው ውሳኔ ዝርዝሩን አስቀምጦታል።

ድርጅቱ ፓወር ፔግ የሚባል አሮጌ ኮድ ነበረው፤ ከ2003 ጀምሮ አይጠቀምበትም፣ ግን አልተሰረዘም፣ ሰርቨሮቹ ላይ ተኝቶ ነበር። በ2012 አዲስ ኮድ ሲጻፍ፣ ያንን አሮጌ ኮድ ያስነሳ የነበረው ፍላግ ለአዲሱ ሥራ እንዲውል ተደረገ። አዲሱ ኮድ ስምንት ሰርቨር ላይ መጫን ነበረበት፤ አንዱ ላይ ሳይጫን ቀረ፣ የሚያጣራም ሁለተኛ ሰው አልነበረም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ገበያው ሲከፈት ሰባቱ አዲሱን ሠሩ፣ ስምንተኛው ፓወር ፔግን ቀሰቀሰ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰሩ።

ለሥልጠና የሚጠቅመው ግን የሚቀጥለው ነው። ችግሩን ለማቆም ሲሯሯጡ አዲሱን ኮድ ከሰባቱ ሰርቨሮች ላይ አነሱት። ፍላጉ እንደበራ ስለነበር ሰባቱም ወደ አሮጌው ኮድ ተመለሱ፤ እሳቱ ባሰ። እንግዲህ ሁለት ሕግ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ያገለገለ የፍላግ ስም ለሌላ ሥራ በጭራሽ አይውልም። አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ ፍላጉ ይጠፋል፣ ኮዱ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው።

«ፍላግ ባይኖርስ ምን እንሆናለን?» ለሚሉት ደግሞ የቅርቡን የጎግል ክላውድ መቋረጥ አንሱላቸው፣ ጁን 12 ቀን 2025። የኮታ ፍተሻ ኮድ ሜይ 29 ላይ ያለ ፍላግ ተለቆ ነበር። ባዶ መስክ ያለው የፖሊሲ ዳታ እስኪመጣ ድረስ ያ የኮድ መስመር አልተነካም፤ ሲነካ በየክልሉ ያሉት ሰርቨሮች ወደቁ። ለመንገዱ የተዘጋጀ የአደጋ ማጥፊያ ስለነበረው ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ ሊያቆሙት ችለዋል። ጎግል ራሱ በዘገባው እንዳለው፣ በፍላግ ቢጠበቅ ኖሮ ስቴጂንግ (ከፕሮዳክሽን በፊት ያለ መሞከሪያ) ላይ በተያዘ ነበር። የሁለት ሳምንቱን ክፍተት ልብ በሉ፤ «ከተለቀቀ ቆይቷል፣ ስለዚህ ደህና ነው» የሚለው ግምት ያልተነካ ኮድ ላይ አይሠራም።

---

ገመድ_አልባ መለሰ፦

የሰርቨር_ዘበኛ ያለው ለሰርቨር ልክ ነው፤ ስልክ ላይና ዳታቤዝ ላይ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። ጠያቂው ሦስቱም አሉበት።

አንድሮይድ፦ የደንበኛው ዳታ ጠፍቶ ከሆነ ፍላጉ አይደርሰውም። ፋየርቤዝ ሪሞት ኮንፊግ (የጎግል፣ ለስልክ መተግበሪያ ፍላግ የሚያደርስ አገልግሎት) ለፕሮዳክሽን ያስቀመጠው ነባሪ የመጠየቂያ ልዩነት 12 ሰዓት ነው፤ ካላስተካከላችሁት ወይም በቅጽበት የሚያደርሰውን አማራጭ ካልተጠቀማችሁ «አጠፋነው» ያላችሁት ነገር ግማሽ ቀን በርቶ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ስልኩ ላይ ያለው ፍላግ ማሳያ ብቻ ይሁን፤ እውነተኛው በር ሰርቨሩ ላይ ይቁም። አዝራሩ ቢታይም ሰርቨሩ «ይህ አገልግሎት ለጊዜው አይሠራም» ማለት መቻል አለበት፤ መተግበሪያውም ያንን መልስ ሳይወድቅ ማሳየት አለበት። ይህ ስክሪን ቀድሞ መሠራት ያለበት ነው፤ በአደጋ ቀን አዲስ ኤፒኬ (የአንድሮይድ መተግበሪያ ፋይል) አታደርሱም። የማን ስልክ ቁጥር የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ የሚናገረውን ሕግም ወደ ስልኩ አትላኩ፤ ማንም ፈትቶ ያነበዋል። ሰርቨሩ ወስኖ ውጤቱን ብቻ ይላክ።

የፕሌይ ስቶር እርከናዊ ልቀትን ከፍላግ ጋር አታምታቱ። እሱ ላይ 5 በመቶ ለቃችሁ ብታቆሙት፣ አዲሱን ያወረዱት ሰዎች አዲሱን እንደያዙ ይቀራሉ፤ ወደ ኋላ አይመለሱም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፦ አንዱ ለኤፒኬው፣ አንዱ ለፊቸሩ።

ዩኤስኤስዲ፦ ፍላጉን በየስክሪኑ አትጠይቁ። ደንበኛው አጭር ቁጥሩን ደውሎ ሦስተኛው ሜኑ ላይ እያለ ፍላጉ ቢቀየር፣ «2» ብሎ የመለሰው ቁጥር አዲሱ ሜኑ ላይ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ሴሽኑ ሲከፈት አንዴ ተጠይቆ እስኪዘጋ ድረስ ይያዝ።

ገንዘብ፦ ከሁሉ የሚከፋው እዚህ ነው። ክፍያው በአዲሱ መንገድ ተጀመረ፣ መልስ ዘገየ፣ ፍላጉ ጠፋ፣ ድጋሚ ሙከራው በአሮጌው መንገድ ሄደ። ሁለቱ መንገዶች የድግግሞሽ መከላከያ ቁልፋቸውን (አንድ ክፍያ ሁለቴ እንዳይፈጸም የሚለዩበትን መለያ) የሚያስቀምጡት በተለያየ ሠንጠረዥ ከሆነ ደንበኛው ሁለት ጊዜ ተቆረጠበት። መፍትሔው፦ ቁልፉ ከመምረጫው ነጥብ በፊት፣ ለሁለቱም የጋራ በሆነ ቦታ ይመዝገብ፤ በየትኛው መንገድ እንደተጀመረም ከክፍያው ረድፍ ጋር ይጻፍ። ድጋሚ ሙከራ ፍላጉን አይጠይቅም፤ ረድፉን ያነባል፣ በጀመረበት ይጨርሳል። ፍላግ የሚወስነው አዲስ ለሚጀምር ክፍያ ብቻ ነው።

ዳታቤዝ፦ ፍላግ ማጥፋት የተጻፈ ዳታን አይመልስም። የኮለም ለውጥ ካለ አስፋ፣ ከዚያ አጥብብ ነው አካሄዱ። መጀመሪያ አዲሱ ኮለም ባዶ መሆን የሚችል ሆኖ ይጨመራል። ቀጥሎ ኮዱ ሁለቱም ላይ ይጽፋል፣ ከአሮጌው ያነባል። የቆየው ዳታ ይገለበጣል። ከዚያ ነው ፍላጉ ንባቡን ወደ አዲሱ የሚያዞረው። አሮጌው ኮለም የሚነሳው ፍላጉ ራሱ ከተሰረዘ በኋላ ነው። «ሁለቱም ላይ መጻፍ» የሚለውን ደረጃ የዘለለ ቡድን ፍላጉን ባጠፋ ቁጥር በበራበት ጊዜ የገባው ዳታ ይሰወርበታል።

---

እንጦጦ_ዴቭ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ የገንዘቡን ጉዳይ ፈጽሞ አላሰብነውም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። ማን ነው ፍላግ ማብራትና ማጥፋት የሚፈቀድለት? ነባሮቹ ደግሞ «ፍላግ በበዛ ቁጥር ቴስቱ እጥፍ ድርብ ይሆናል» ይላሉ።

---

የሰርቨር_ዘበኛ፦

ቴስቱን በተመለከተ ሒሳባቸው ልክ ነው፤ 10 ፍላግ 1,024 ጥምረት አለው። ማንም ግን 1,024ቱን አይሞክርም፣ አያስፈልግምም። ሦስት ስብስብ ይበቃል፦ ዛሬ ፕሮዳክሽን ላይ ያለው፣ ቀጥሎ ሊበራ ያለው ሲጨመርበት፣ እና ሁሉም በነባሪ ዋጋቸው። ሦስተኛው የፍላግ ሰርቨሩ የሞተበት ቀን ነው፤ ሁሌ የሚረሳው እሱ ነው። አንዱ በሌላው ላይ የተንጠለጠለ ሁለት ፍላግ ካላችሁ ያንን ጥምረት ለብቻው ጨምሩ፤ ከተቻለ ግን እንዲህ ዓይነት ጥገኝነት አትፍጠሩ።

ፈቃዱ ሁለት መልክ ይኑረው። ለማብራትና መቶኛ ለመጨመር ሁለት ሰው ይፈርም። ለማጥፋት ተረኛው ብቻውን ይበቃል፤ ማንንም አይጠይቅ፣ ምክንያቱን በኋላ ይጻፍ። ማጥፋት ስብሰባ የሚጠይቅ ከሆነ ማጥፊያ የላችሁም። የደንበኞች አገልግሎት ክፍሉም ማብራትም ሆነ ማጥፋት ባይችል፣ የትኛው ፍላግ በስንት በመቶ እንደበራ ማየት አለበት፤ «የኔ ስልክ ላይ የለም» የሚል ደንበኛ ሲደውል ግራ አይጋቡም።

ክላውድፍሌር (የድረ ገጾችን ትራፊክ የሚያስተላልፍና የሚጠብቅ ድርጅት) ላይ ጁላይ 2 ቀን 2019 የሆነውን ደግሞ እዩት። በፋየርዎል ሕግ ውስጥ የገባ አንድ የተበላሸ ሬጌክስ (የጽሑፍ ንድፍ መፈለጊያ) ያለ እርከን በአንድ ጊዜ ዓለም ሁሉ ላይ ተለቀቀ፤ ፕሮሰሰሮቹ 100 በመቶ ተያዙ፣ 27 ደቂቃ ቆየ። ተራ ሶፍትዌራቸው በእርከን ነበር የሚወጣው፤ የሕግ ለውጥ ግን «ኮንፊግ ነው» ተብሎ ከእርከኑ ነፃ ነበር። ፍላግ መቀየርም ልቀት ነው፤ 0 ወደ 100 በአንድ ጊዜ አይዘለል። ሊያጠፉት ሲሞክሩ ደግሞ የውስጥ መግቢያቸው ራሱ በችግሩ ምክንያት አልሠራም፤ የአንዳንዶቹም ፈቃድ መቆጣጠሪያ ገጹን አዘውትረው ስላልተጠቀሙ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ የናንተ የፍላግ ገጽ በሚያጠፋው ሲስተም በኩል የሚገባበት እንዳይሆን፤ ተረኛው ሁሉ በወር አንዴ ገብቶ አንድ ፍላግ ያጥፋ፣ ያብራ።

---

ፊደል_ገበታ መለሰ፦

ስለ ሰዓት ማንም አላነሳም። ብዙ መሣሪያዎች «በዚህ ሰዓት ይብራ» የሚል መርሐ ግብር አላቸው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ በዩቲሲ (ከኛ ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሆነው የዓለም ሰዓት) ነው። ሥራ አስኪያጁ «ረቡዕ 3 ሰዓት ይብራ» ብሎ ቴሌግራም ላይ ይጽፋል፤ ጠዋት 3 ሰዓት ማለቱ ነው፣ በዩቲሲ 06:00። ልጁ 03:00 ብሎ ካስገባ ፍላጉ የሚበራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፣ ቢሮው ውስጥ ከጥበቃ በቀር ማንም በሌለበት። ጥያቄው ሁሌ «ረቡዕ 06:00 ዩቲሲ፣ ጠዋት 3 ሰዓት» ተብሎ በሁለቱም ይጻፍ። ባይሆን በእጅ አብሩት፤ ለመጀመሪያው 1 በመቶ መርሐ ግብር አያስፈልግም።

ስለ መሣሪያው፦ መግዛቱን ለጊዜው ተዉት። ከአገር ቤት በየወሩ በዶላር መክፈሉ ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ የካርዱ የአገልግሎት ጊዜ ባለፈበት ወር አገልግሎቱ እንዲቋረጥባችሁ አትፈልጉም። አንሊሽና ፍላግስሚዝ ክፍት ምንጭ ናቸው፣ ራሳችሁ ሰርቨር ላይ ይቆማሉ። አንሊሽ የሚፈልገው ፖስትግሬስ ነው። ውሳኔው በራሳችሁ ሰርቨር ሜሞሪ ውስጥ ስለሚሰላ በየክፍያው ኔትወርክ አይጠራም። በራሳችሁ ሠንጠረዥ መሥራትም ይቻላል፤ ለአምስት ፍላግ ይበቃል። ስድስተኛው ላይ ማን መቼ ቀየረው የሚል መዝገብ፣ ሃሽ፣ ፈቃድ፣ ገጽ ያስፈልጋችኋል፤ ያኔ ከክፍያ ሥራችሁ ወጥታችሁ የፍላግ ፋብሪካ ሆናችሁ። የትኛውንም ብትመርጡ ኮዳችሁ በኦፕንፊቸር (ለሁሉም የፍላግ መሣሪያ የጋራ በሆነ ክፍት መስፈርት) በኩል ይጥራው፤ ነገ መሣሪያውን ስትቀይሩ የምትነኩት አንድ ክላስ ይሆናል።

---

ዳሞት7፦

ስለ መሰረዝ ትንሽ ልጨምር፤ ነባሮቹ የሚሸነፉት ወይም የሚያሸንፉት እዚህ ላይ ነው።

ፍላግ ሲፈጠር አምስት ነገር ይመዝገብለት፦ ስም፣ ባለቤት (ሰው እንጂ ክፍል አይደለም)፣ ዓይነት፣ ነባሪ ዋጋ፣ የሚሰረዝበት ቀን። አንሊሽ ለልቀት ፍላግ (አዲስ ፊቸር ለማውጣት የሚውል) 40 ቀን ይጠብቃል፣ ለማጥፊያ ፍላግ (ነባር አገልግሎት በአደጋ ጊዜ ለማጥፋት የሚውል) ገደብ አያበጅም፤ ይህ ጥሩ መነሻ ነው። ቀኑ ሲያልፍ ቢልዱ (ኮዱን ለመጫን የሚያዘጋጀው ሂደት) ማስጠንቀቂያ ያሰማ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይውደቅ። በተጨማሪም ጣሪያ አብጁ፤ ለ11 ሰው 15 የልቀት ፍላግ ከበቂ በላይ ነው። ሞልቶ ከሆነ አዲስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ አንድ አሮጌ ይሰርዝ። የመሰረዣው ካርድም ፍላጉ በተፈጠረበት ቀን አብሮ ይከፈት፤ «ሲያልቅ እናጸዳዋለን» የተባለ ነገር ሲጸዳ አይታይም።

ቅደም ተከተሉን ብዙዎች ይገለብጡታል። 100 በመቶ ላይ ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ መጀመሪያ ከኮዱ ውስጥ ኢፉ፣ አሮጌው ክላስና የአሮጌው ቴስት ይነሳሉ። ያ ይጫናል፣ ስምንት ሰርቨር ካለ ስምንቱም ላይ መድረሱ ይጣራል። መሣሪያው ላይ ፍላጉ በቀን ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ ይታያል፤ ዜሮ እስኪሆን ይጠበቃል። ከዚያ ነው ከመሣሪያው የሚሰረዘው። መጀመሪያ ከመሣሪያው ከሰረዛችሁት ኮዱ መልስ ያጣና ወደ ነባሪው ይመለሳል፤ የልቀት ፍላግ ነባሪው «ጠፍቷል» ስለሆነ ወር ሙሉ ሲሠራ የቆየ ፊቸር በአንዴ ከሁሉም ደንበኛ ላይ ይጠፋል።

---

ገመድ_አልባ፦

ለአንድሮይድ ፍላግ ያ ዜሮ ቶሎ አይመጣም። ዳታ እንዳይቆጥርበት ዝመና የማያወርድ ደንበኛ ብዙ ነው፤ የስድስት ወር ኤፒኬ አሁንም ይጠይቃል። ስለዚህ ከስልኩ ኮድ ላይ አንሱት፣ መሣሪያው ላይ ግን «በርቷል» ተብሎ ይቆይ፤ የምትደግፉት ዝቅተኛ ሥሪት ፍላጉን ከያዘው የመጨረሻ ሥሪት በላይ ሲሆን ያኔ ይሰረዛል። እነዚህን ከ15ቱ ጣሪያ ውጭ ቁጠሯቸው።